አገልጋይ በአገልግል

ልጅ ሳለሁ በየቤቱ የነበረችው ሬዲዮ ራቁቷን አትታይም ነበር። በልኳ የተሰፋ የቆዳ ልብስ ነበራት፤ ድምፅ የሚወጣበት በኩል እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ትከሻ ላይ የምትንጠለጠልበት ማንገቻ ያለው። ቴሌቪዥኑም በተራው ዳንቴል ለበሰ፤ የቤት ስልኩም እንዲሁ። ይህን የባላገርነት ምልክት አድርገው የሚስቁ ሰዎች ዛሬም አይጠፉም። እኔ ግን ሳቃቸው አይገባኝም። ሠሪው ጃፓን ይሁን ሆላንድ፣ ዕቃው የቤት ሰው የሚሆነው የቤቱን ልብስ ሲለብስ ነው።

እዚህ ላይ የማወሳው ታሪክ የአንዲት ትንሽ መሣሪያ ልብስ ታሪክ ነው። መሣሪያዋ ሰርቨር ትባላለች። ባለሙያዎቻችን «አገልጋይ» ብለው ተርጉመዋታል፤ ትርጉሙም ያስኬዳል። ሰርቨር ማለት የራሱ ጉዳይ የሌለው ኮምፒዩተር ነው። ስክሪንም ሆነ የፊደል ገበታ ላይኖረው ይችላል። መጻሕፍቱን፣ ሥዕሉን፣ ደብዳቤውን በሆዱ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ሲጠይቁት ያቀብላል። ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ማቀዝቀዣ የሚያጓራበት የባንክ አዳራሽ ነው። ይሁን እንጂ በአዳራሹ የተደረደረውና ረከቦት ሥር ሊደበቅ የሚችለው፣ በጉልበት ይበላለጡ እንጂ በግብር አንድ ናቸው።

ለትንሿ አገልጋይ በሩን የከፈተላት ሊኑክስ ነው። በነሐሴ ወር 1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለገዛ ኮምፒዩተሩ የሚሆን የማዘዣ ሥርዓት እየሠራ መሆኑን፣ ነገሩም ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል እንጂ ትልቅ ደረጃ የሚደርስ እንዳልሆነ ለሙያ ጓደኞቹ ጻፈላቸው። ትንቢቱ አልያዘለትም። ሥርዓቱ ለማንም በነፃ የሚሰጥ፣ ማንም ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ሆነ። ለእኛ ዓይነቱ አገር ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሊኑክስ ድሃ መሣሪያ አይንቅም። አቅመ ቢስ በሆነ፣ ስክሪን በሌለው፣ ሁለትና ሦስት ዋት በሚበላ ሰሌዳ ላይም ያለ ቅሬታ ይሠራል።

ሰሌዳው ካነሰ ደግሞ «ምን ውስጥ እንክተተው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በ1976 እ.ኤ.አ. የአፕል ኩባንያ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ሲሸጥ ያቀረበው ሰሌዳውን ብቻ ነበር፤ ቤቱን የሚሠራለት ገዢው ነው። ከእንጨት ሣጥን የሠሩለት ነበሩ፤ እነዚያ የእንጨት ሣጥኖች ዛሬ ሙዚየም ገብተዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች፣ ኋላ ጉግል የተባለውን ሲሞክሩ፣ አሥር የመረጃ ማከማቻ ዲስኮቻቸውን የደረደሩት በሕፃናት መጫወቻ ጡቦች በተሠራ ሣጥን ውስጥ ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1999 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ቮን ፕራት የክብሪት ቀፎ የምታክል ሰርቨር አሳዩ፤ የምትሠራውም በሊኑክስ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ካወጣ በኋላ ነገሩ ፋሽን ሆነ፤ በአሮጌ ሬዲዮ፣ በሻንጣ፣ በአሻንጉሊት ሆድ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚከት ሰው በዛ። በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች መታወቂያ ካርድ የምታክለውን ራስበሪ ፓይ ሲያወጡ ደግሞ የቀረ የለም። በዚያው ዓመት በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳይመን ኮክስ 64ቱን አገናኝተው አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር አደረጓቸው፤ መደርደሪያውን ከመጫወቻ ጡብ የሠራው የስድስት ዓመት ልጃቸው ነው።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ አብዛኛው ግን ጨዋታ ነው። እዚያ ቤቱ አቧራ የለውም፤ መብራቱ አይጠፋም፤ ሣጥኑ ቢያምር ባያምር መሣሪያው ይኖራል። በእኛ ደጋ ሣጥኑ የመሣሪያው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ይህንንም ከኮምፒዩተር ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው ያወቁ ሰዎች ነበሩን።

የብራና መጽሐፍ ማኅደር አለው። ማኅደሩ ቆዳ ነው፤ ማንገቻ አለው፤ መጽሐፉ በልኩ ይገባበትና ከግድግዳ ኩላብ ላይ ይንጠለጠላል። መሬት ላይ ቢቀመጥ እርጥበት ይበላዋል፤ አይጥ ያገኘዋል። ሲንጠለጠል ነፋስ ዙሪያውን ይዞራል፤ መንገድም ቢሆን ከትከሻ ላይ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ሲጀመር፣ ባለሙያዎቹ ከየአብያተ ክርስቲያናቱና ከየገዳማቱ ከ9,000 በላይ ጥራዞችን ፎቶ አንሥተዋል፤ ፊልሙም አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል። ብዙውን በካታሎግ የዘረዘሩት የሸዋው ተወላጅ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሰው የሚያወራው ስለ ፊልሙ ነው፤ ይገባዋልም። እኔን የሚገርመኝ ግን ብራናው ፊልም አንሺው እስኪመጣ ድረስ መቆየቱ ነው። ከጠባቂው ካህን ጋር የማኅደሩም ድርሻ አለበት።

ኮምፒዩተሩ አገልጋይ ሆኖ አገራችን ሲገባ አዲስ አበባ ነው ያረፈው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ ይባል የነበረው ክፍል ደብዳቤ የሚያጠራቅም ኮምፒዩተር ነበረው። የሰውን መልእክት ቀን ያሰባስብና በስልክ መስመር ከባሕር ማዶ አቻው ጋር ይለዋወጣል። ኢንተርኔት ራሱ የገባው በጥር ወር 1997 እ.ኤ.አ. በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ነው። ያ የጥንቱ አሠራር ዛሬ ቢያስቅም አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ መስመሩ ሲቋረጥ አገልጋዩ የያዘውን ይዞ ይቆያል። ወደ ገጠር ስንወጣ የምንፈልገው ይህንኑ ጠባዩን ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከመርሐቤቴ ወዲያ በሚዳ በኩል ሬማ የምትባል የገጠር ከተማ አለች። በ1999 ዓ.ም. ግድም አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ድርጅት ከሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶቿ የፀሐይ መብራት አስገባላት፤ የፀሐይ መብራት ጠጋኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፈተ። ሬማ በዚህ ስሟ ተጠርቶ ሳያበቃ፣ በ2001 ዓ.ም. ግድም ሌላ እንግዳ መጣላት። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት 5,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ከፊሉን ካገኙት ትምህርት ቤቶች አንዱ የሬማ ነበር።

ያቺን ኮምፒዩተር ያየ አይረሳትም። አረንጓዴና ነጭ ናት፤ እንደ ምሳ ዕቃ እጀታ አላት፤ ግራና ቀኝ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቀጥ የሚሉ ሁለት ነገሮች አሏት። ጆሮዎቹ ለጌጥ አልነበሩም። ሲቆሙ አንቴና ናቸው፤ ሲታጠፉ የገመድ መሰኪያዎቹን ከአቧራ የሚዘጉ ክዳኖች ናቸው። ማራገቢያ የላትም፤ ዋናው ሰሌዳ እንደ ሌሎቹ ከፊደል ገበታው ሥር ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባ ነው፤ ሙቀቱ ሽቅብ እንዲወጣ። የፕላስቲኳ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደው ላፕቶፕ 1.3 አካባቢ ነበር። እጀታዋ ውስጥ ደግሞ አንድ ብሎን ቢጠፋ የሚተኩ ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠዋል። ልጅ በአንድ ካቻቪቴ ፈትቶ እንዲገጥማት የታሰበች ናት። በውስጧም የሚሠራው ሊኑክስ ነበር። በዕቅዱ መሠረት ልጆቹ እርስ በርስ በአየር ይገናኛሉ፤ በትምህርት ቤቱም አንድ አገልጋይ ኮምፒዩተር መጻሕፍቱን ይይዛል።

እኔ እስከማውቀው ድረስ ለገጠር ልጅ ታስቦ ከተሠራ የኮምፒዩተር ሣጥን ሁሉ ከዚህ የበለጠ የተጨነቁበት የለም። ሆኖም ዘመቻው በሰፊው እንደተወራለት አልሆነም። በጊዜው ሁኔታውን የተከታተሉ አጥኚዎች እንደጻፉት፣ ብዙ መምህራን መሣሪያዋን ከትምህርት የምታዘናጋ መጫወቻ አድርገው ነበር ያይዋት፤ ክፍል ውስጥ እንዳትከፈት የከለከሉም ነበሩ። መምህሩን መውቀስ ይቀላል። ዳሩ ግን ያቺ ኮምፒዩተር ለሕፃኑ ስትሰፋ ለመምህሩ አልተሰፋችም። ቀለሟ፣ ጆሮዋ፣ ትንሿ የፊደል ገበታዋ ሁሉ «የልጅ ነኝ» ይላል፤ መምህሩም የልጅ ዕቃ ነው ብሎ አመነላት። ትርፍ ብሎን እጀታዋ ውስጥ ነበራት፤ ስክሪኗና ባትሪዋ ግን የሚመጡት ከባሕር ማዶ ነው። እዚያችው ሬማ የፀሐዩን መብራት የሚጠግን የአገር ልጅ እየሠለጠነ ሳለ፣ የኮምፒዩተሯ ነገር በዚያ መንገድ አለመሄዱ ይቆጨኛል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ያው ዘመቻ በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሌላ ሙከራ መጣ። የዘመቻው መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶቹ በታሸገ ካርቶን እንዳሉ ያለ አስተማሪ ተተዉላቸው፤ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የተዘጋውን ካሜራ አስከፈቱት። ወሬው ዓለምን ዞረ። ልጆቹን አደንቃለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልወደውም። ልጅን ከነካርቶኑ ትቶ መሄድ ትምህርት ቤት አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ራቤል ልምጣ። ራቤል የግሼ ከተማ ናት፤ ከታርማ በር ተገንጥሎ በጓሳ፣ በመሐል ሜዳ አድርጎ የሚደረስባት። ነፋሻማ የደጋ አገር ነው፤ ሰው በርኖስና ባና የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴን በእህትነት የምትከተላት አክስቴ የምትኖረው እዚያ ነው፤ እቴቴ ነው የምላት። በ2014 ዓ.ም. አንዲት ራስበሪ ፓይ ገዝቼ ነበር፤ የማኅደሩን ነገር ሳስብ ቆይቼ ስለነበር ለእቴቴ ቤት ሰርቨር ላደርጋት ወሰንኩ። የአካባቢው ተማሪዎች ስልክ አላቸው፤ በስልካቸው የሚያነቡት ግን ብዙም የላቸውም።

የምከትበት አገልግል ነበር። አገልጋይና አገልግል በድምፅ ተቀራራቢ በመሆናቸው ጓደኞቼ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። የቃላቱን ዘር ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ፤ እኔ የመረጥኩት በሌላ ምክንያት ነው። ብረት ሣጥን የሬዲዮ ሞገድ ያፍናል፤ ገመድ አልባውን መስመር ይገድለዋል። ስንደዶ፣ አክርማና ቆዳ ግን ሞገዱን ያሳልፉታል። በመንዝ የቤቱ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ድንጋይ ነው፤ ሞገዱ እዚያ ላይ የሚደክመው ሳያንስ ሣጥኑም ባይጨምርበት ይሻላል። ደግሞም አገልግል ይንጠለጠላል።

ችግሩ አገልግል የተፈጠረበት ዓላማ ነው። እንጀራው እንዳይደርቅ፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ነው የሚሰፋው፤ እርጥበትና ሙቀት አፍኖ መያዝ ሙያው ነው። ፓይዋ ደግሞ የምትፈራው ይህንኑ ነው፤ ሙቀቷ 80 ዲግሪ ሲደርስ እንዳትቃጠል ሥራዋን ታዘገያለች። የመንዝ ደጋ 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ አለው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ ጉልበቱም ያንሳል፤ ብርዱ ይክሰዋል እንጂ። ስለዚህ መተንፈሻ የግድ ነው፤ ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ክዳኑ ላይ ሙቁ የሚወጣበት። ይህን ለእቴቴ ማስረዳት ነበረብኝ።

«ምሳ ይዞበት የሚሄድ ሰው አለ ብለሽ አይደል ያሰፋሽኝ?» አለችኝ። «ያልቆየ አገልግል ልትበሺ ነው?»

«ለትንፋሹ ነው፣ እቴቴ።»

«ትንፋሽ ያለው ነገር ነው? እንዲያውስ ብርድ አይመታውም?»

በዚያ ቤት ከብርድ የማይሸፈን ነገር የለም፤ ሰውም፣ ጥጃም፣ ሊጥም። በሙቀት የሚሞት ነገር ቤቷ ሲገባ የመጀመሪያው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የኋላ ኋላ ወስፌውን ከእኔ ተቀብላ ራሷ በሳችው። ስፌቱን ሳትቆርጥ፣ በዙሩና በዙሩ መካከል አክርማውን ገለል እያደረገች፤ ቀዳዳዎቹ አየር የሚያስገቡ፣ አይጥ የማያስገቡ። እኔ በመቀስ ብሞክረው ኖሮ ስፌቱ በሙሉ ይተረተር እንደነበር ነገረችኝ።

ቆዳውን ግን እሷ አልነካችውም፤ እሱ የቆዳ ሠሪ ሥራ ነው። ከገበያ ያገኘነው ባለሙያ ቀዳዳዎቹ እንዳይቀደዱ ዙሪያቸውን በጠፍር ከፈፈልን፤ ለገመዱ መግቢያም ምላስ የመሰለ መሸፈኛ አበጀለት። ዋጋ ሲነግረን ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ቆዳ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በአገራችን ምን ሲባሉ እንደኖሩ አንባቢ ያውቀዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ በሹክሹክታ አለ። ለኮምፒዩተር ባለሙያ ኮት ለብሶ ሻይ የሚጋብዝ ሰው፣ ያንኑ ኮምፒዩተር ከአይጥና ከአቧራ የሚያድነውን እጅ ይጠየፋል። የእኛን ዕቃ ሁለቱም ሠርተውታል፤ የቱ ሥራ ይከብዳል ብባል ቆዳው ብዬ እመልሳለሁ፤ ሊኑክሱን እኔም ሞልቼዋለሁና።

የቀረው እንዲህ ነው። ስንደዶው ብናኝ ስለሚያራግፍ ውስጡን በአቡጀዲ ለበድኩት፤ መተንፈሻዎቹን ትቼ። ፓይዋ በክብ ጣውላ ላይ በአራት ብሎን ቆማለች። ኃይሏን የምታገኘው ጣሪያው ላይ ካለች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ከአንድ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ መካከል ላይ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ አለ። ባትሪው ከአገልግሉ ውጭ ነው፤ መስመሩም ፊውዝ አለው፤ ሣርና ኤሌክትሪክ በአንድ ቤት ሲያድሩ ፊውዝ መዝለል አይገባም። ክዳኑ ተዘግቶ፣ ከግድግዳው ኩላብ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሙቀቱ ቀን ከ60 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፤ ሌሊት ከዚያም ይወርዳል።

በሆዱ የያዘው በአማርኛ የተጻፈውን ዊኪፔዲያ ነው፤ ኪዊክስ በተባለ፣ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ በተሠራ ነፃ ፕሮግራም። ከዚያ መዝገበ ቃላት፣ ከዚያ የመማሪያ መጻሕፍት። መጻሕፍቱን መጀመሪያ ያስገባኋቸው ለሙላት ያህል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ዋናው እነርሱ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለተማሪው አልዳረሰም፤ በኮምፒዩተር የሚነበበው ቅጂ ቀደመ። ኢንተርኔት ያለው አወረደ፤ የሌለው ጠበቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ተቋርጦ ቆየ። ግጭቱ ያስከተለውን ሌላውን መከራ እዚህ አልገባበትም፤ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቱ ራሱ የተዘጋበት ጊዜ ነበር።

እቴቴ ቤት ያለችው አገልጋይ ከመቋረጡ በፊትም ኢንተርኔት ስላልነበራት የተቋረጠባት ነገር የለም። የያዘችውን ታቀብላለች። የድንጋዩ ግድግዳ ግን እንደፈራሁት ሞገዱን ይዞታል፤ መስመሩ ጥርት ብሎ የሚወጣው በበሩ በኩል ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ የሚሰበሰቡት ደጃፉ ላይ ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ስልካቸውን ወደ በሩ አዙረው። ብዙ የሚወሰደው የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ መሆኑን መዝገቡ ይነግረኛል። አንድ መምህርም ይመጣሉ፤ እቴቴ ወንበር ታወጣላቸዋለች። መሣሪያዋን መጫወቻ ሲሏት አልተሰማም፤ እንደ አገልግል የቤት ዕቃ ናት፤ ማንም ሊፈራትም ሊንቃትም አይችልም።

ማታ ማታ በክዳኑ ስፌት መሐል አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። እቴቴ እንቅልፍ ነሳኝ ብላ ነጠላ ልትጥልባት ስትል፣ መተንፈሻው እንዳይደፈን ክዳኑን ትታ ፊት ለፊቱን ብቻ እንድትጋርድ ተስማማን። ለራሷ ደግሞ ሌላ አገልግል ጀምራለች። የመጀመሪያውን እንደማልመልስላት ገብቷታል።